ንግሥቲቱ ከመሰጠቷ በፊት

በክረምት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት፣ የጀበና ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ይሞላል። ከጀበናው አለፍ ብሎ የቼስ ሰሌዳ ከተዘረጋ ደግሞ ከሁለቱ ተጫዋቾች ይልቅ ዙሪያውን ከቦ የቆመው ይበዛል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ጠርዙ የተላጠ ካርቶን ነው። የጎደለው ወታደር በቆርኪ ተተክቷል። ሰዓት የለም፣ የሚጽፍም የለም። ጨዋታው ለቡና ሒሳብ ነው፣ ወይም ለምንም አይደለም። በዚህ መሀል አንዱ ንግሥቱን አንሥቶ ከተቃራኒው ንጉሥ ደጃፍ ያስቀምጣታል። "ጋሼ፣ ንግሥትዎ ልትበላ ነው እኮ!" ይላል ከኋላ የቆመ ልጅ። ጋሼ ቀና አይሉም። ፈረስ፣ ቼክ (ንጉሡ ተጠቃ ማለት ነው)። ሌላው ፈረስ፣ ቼክ። ቢሾፕ፣ ቼክ። አለቀ። ቤቱ ይንጫጫል፣ ተሸናፊው ራሱ ሳይወድ ፈገግ ይላል። ወዲያው አንድ እጅ ይመጣና ጠጠሮቹን ጠራርጎ ለቀጣዩ ጨዋታ መደርደር ይጀምራል።

ያን እጅ ማስቆም ያስፈልጋል። ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሳይቀዳ ያንን ጨዋታ ደግሞ ሊያሳይ የሚችል ሰው አይገኝምና። የሚቀረው "ንግሥቱን ሰጥቶ ገደለው" የሚል ወሬ ብቻ ነው። ወሬው ደግሞ ዋናውን ነገር ይስታል። ንግሥት መስጠት የእጅ ሥራ ነው፤ ማንም ያደርገዋል። የሚያስደንቀው ንግሥቲቱ ሳትሰጥ በፊት ሰሌዳው ላይ የነበረው ነው። የትኛው ፈረስ የት ቆሞ ነበር? የትኛው መንገድ ተዘግቶ፣ የትኛው ተከፍቶ ነበር? ተከላካዩ ምን አስቦ ነበር፣ ሐሳቡስ ለምን አልበቃም? ይህን ያላየ ሰው ያደነቀው ድፍረቱን ነው፣ ቼሱን ገና አላየውም።

በዓለም ላይ እስከ ዛሬ የሚደነቁ ብዙ ጨዋታዎች የውድድር ጨዋታዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ አንደርሰን ኪዘሪትስኪን ያሸነፈበት፣ "የማይሞተው ጨዋታ" የሚባለው፣ ከውድድር ሰዓት ውጭ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሞርፊ ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ አንድ መስፍንና አንድ ቆንት ተመካክረው ሲጫወቱበት ያሸነፈበትም እንዲሁ። እነዚህን ከተረሱት ጨዋታዎች የለያቸው ውበታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ የጻፋቸው ሰው በመኖሩም ነው። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1912 ለንደን ውስጥ የተደረገውን አንዱን ብቻ መርጬ ደረጃ በደረጃ አነባለሁ፣ ምክንያቱም ከእኛ የቡና ጨዋታ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ነጩን የያዘው ኤድዋርድ ላስከር ነው (የዓለም ሻምፒዮን ከነበረው ከኢማኑኤል ላስከር ጋር አታምታቱት)። ጥቁሩን የያዘው ጆርጅ ቶማስ ነው፣ ዛሬ የወንዶች የባድሜንተን ዋንጫ በስሙ የሚጠራው ሰው።

ሰሌዳ ካላችሁ አውጡና ተከተሉ። ዓምዶቹን ከነጩ ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላለን፤ ረድፎቹ ከነጩ በኩል ከ1 እስከ 8 ናቸው። ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ኢ6። ፈረስ ኤፍ3፣ ወታደር ኤፍ5። ፈረስ ሲ3፣ ፈረስ ኤፍ6። ቢሾፕ ጂ5፣ ቢሾፕ ኢ7። የነጩ ቢሾፕ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ ይበላል፣ የጥቁሩ ቢሾፕ መልሶ ይበላዋል። ወታደር ኢ4፣ የኤፍ ወታደር ይበላዋል። የሲ3 ፈረስ ኢ4 ላይ መልሶ ይበላል፣ ጥቁር ቢ6 ይገፋል። በ8ኛው እርምጃ የነጩ ሌላ ፈረስ ኢ5 ላይ ይቆማል፣ ጥቁር በንጉሡ በኩል ካስሊንግ ያደርጋል (ንጉሡ ወደ ሩኩ፣ ወደ ጥጉ ጠጠር፣ ሁለት ቤት ይሄዳል፣ ሩኩም ዘሎት ከጎኑ ይቆማል)። ቢሾፕ ዲ3፣ ቢሾፕ ቢ7። በ10ኛው የነጩ ንግሥት ኤች5 ትወጣለች፣ የጥቁሩ ንግሥት ኢ7 ትገባለች።

እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ነጭ ምን ሊያደርግ ነበር? የኢ4 ፈረስ ኤፍ6 ላይ ያለውን ቢሾፕ በቼክ በልቶ፣ የጂ7 ወታደር መልሶ ሲበላው፣ ንግሥት ኤች7 ላይ ልትገድል። የዲ3 ቢሾፕ ከኋላ ስለሚደግፋት ንጉሡ አይበላትም። ጥቁር ይህን በደንብ አይቷል። ንግሥቱን ኢ7 ያስገባውም ለዚሁ ነው። የጂ7 ወታደር ኤፍ6 ላይ ሲበላ 7ኛው ረድፍ ከኢ እስከ ኤች ባዶ ይሆናል፤ የጥቁሩ ንግሥት ከኢ7 ሆና ኤች7ን ትጠብቃለች። ትክክለኛ አሳብ ነው፣ የሰነፍ ጨዋታ አይደለም። ተሸናፊው ያሰበውን ሳያውቅ ጨዋታውን የሚያደንቅ ሰው ግማሹን ነው ያየው የምለው ለዚህ ነው።

ላስከር ያደረገው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ንግሥት፣ ቀጥሎ ፈረስ። ንግሥቲቱ የኤች7ን ወታደር በላች፣ ቼክ። ንጉሡ ሊበላት ይገደዳል፣ ሌላ ሕጋዊ እርምጃ የለውም። አሁን የኢ4 ፈረስ ኤፍ6 ላይ ያለውን ቢሾፕ በላ። ይህ ፈረስ እስካሁን የዲ3 ቢሾፕን መንገድ ዘግቶ ነበር የቆመው። ሲነሣ ቢሾፑ ከኋላ ንጉሡን ቼክ ይላል፣ ፈረሱም ከፊት ቼክ ይላል። ድርብ ቼክ ነው። በድርብ ቼክ ጊዜ መብላትም መከለልም አይጠቅምም፣ አንዱን ብታስወግድ ሁለተኛው አለና። ንጉሡ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ ያ ሁሉ የጥቁሩ መከላከያ፣ ጂ7ም ኢ7 ያለችው ንግሥትም፣ እዚያው ቆመው ምንም ማድረግ አልቻሉም። አንድ ዓይነት ሁለት ምቶች ናቸው፤ በአንዱ ቅደም ተከተል ጥቁር ይድናል፣ በሌላው ያልቃል። ከሙሉው ጨዋታ ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነጥብ ነው፤ ንግሥቲቱ እንኳ ከዚህ ቀጥላ ነው የምትመጣው።

ንጉሡ ወደ ኤች8 ቢሸሽ የኢ5 ፈረስ ጂ6 ላይ ገብቶ እዚያው ይገድለዋል፤ ጂ8ንና ኤች7ን የኤፍ6 ፈረስ ይዟቸዋል። ስለዚህ ወደ ኤች6 ይወጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ከደሴ ሐረጎን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ መኪና ነው፤ አንዱ ጎን ተራራ፣ አንዱ ጎን ገደል፣ መታጠፊያው አንድ ብቻ። የኢ5 ፈረስ ጂ4፣ ቼክ፤ ንጉሡ ጂ5። ወታደር ኤች4፣ ቼክ፤ ኤፍ4። ወታደር ጂ3፣ ቼክ፤ ኤፍ3። ቢሾፕ ኢ2፣ ቼክ፤ ጂ2። ሩክ ኤች2፣ ቼክ፤ ጂ1። ጥቁሩ ንጉሥ ከ8ኛው ረድፍ ተነሥቶ በሰባት እርምጃ ከነጩ ቤት ጥግ ደረሰ። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች በጣታችሁ ቁጠሩ። ለምሳሌ ጂ5 ላይ ሳለ ኤች5ን የኤፍ6 ፈረስ፣ ኤች6ን የጂ4 ፈረስ፣ ጂ6ንና ኤፍ5ን ቢሾፑ ይዘዋል። ሁለቱ ፈረሶች እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ አንዳቸውንም መብላት አይችልም። ቀሪው ኤፍ4 ብቻ ነው። ይህን ቆጠራ ሳያደርጉ "ማለፊያ!" ማለት ግጥሙን ሳይሰሙ እንደ ማጨብጨብ ነው።

በ18ኛው የነጩ ንጉሥ ከኢ1 ወደ ዲ2 አንድ እርምጃ ሄደ። በቃ፣ ቼክሜት። የገደለው ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ ንቅንቅ ያላለው የኤ1 ሩክ ነው። ንጉሡ ከመንገዱ ዞር ሲልለት በመጀመሪያው ረድፍ ላይ እስከ ጂ1 ድረስ ታየ። ከ11ኛው እስከ 18ኛው ስምንት ተከታታይ ቼኮች ናቸው፤ በስምንቱ ውስጥ ንግሥት፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ወታደር፣ ቢሾፕ፣ ሁለት ሩክ፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሱ ተካፍለዋል። በዚያኛው ወገን ቢ8 ያለው የጥቁሩ ፈረስና ኤ8 ያለው ሩክ ከቤታቸው አልወጡም። የተሠዋችውን ንግሥት ያካካሰው ይህ ነው፤ አንዱ ወገን በሙሉ ጉልበቱ ሲዘምት ሌላው ግማሹን ጦር ቤት አስቀምጦ ነበር።

አንድ ነገር መደበቅ የለበትም። በ14ኛው ላይ ወታደሩን በኤች4 ፈንታ ኤፍ4 ቢገፋው ኖሮ በ17ኛው ወይም ከዚያ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ንጉሡ ወታደሩን ቢበላ ጂ3 ቼክ ይከተላል፤ ወደ ኤፍ3 ቢገባ ካስሊንግ ራሱ ይገድለዋል፣ ወደ ጂ5 ቢመለስ ኤች4። ወደ ኤች4 ቢሸሽ ደግሞ ጂ3፣ ቀጥሎ ቢሾፕ ኤፍ1፣ ቀጥሎ ፈረስ ኤፍ2። ይህን ዛሬ ማንኛውም ስልክ ላይ ያለ ስቶክፊሽ የሚባል የቼስ ፕሮግራም በቅጽበት ይነግራችኋል። ውበቱን ይቀንሰዋል? በእኔ አስተያየት አይቀንሰውም። ላስከር 11ኛው ላይ የሚያስፈልገው ንጉሡ እንደማያመልጥ ማወቁ ነበር፣ ያንንም አውቋል። ግን "እንከን የለውም" ብሎ መናገር ሌላ ነገር ነው። እውነተኛ አድናቂ እንከኑን ያውቃል።

የቡና ቤቱ ኮምቢኔሽን (ጠጠር ተሠውቶ የሚጀመር የተያያዘ የእርምጃ ሰንሰለት) ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ የታወቀ ቅርጽ ታይቶ አንዲት ጠጠር የተለየ ቦታ መቆሟ ሳይታይ ሲቀር። ለዚህ ከለጋል ማት (ማት ማለት ቼክሜት ነው) የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ለጋል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የኖረ፣ የዝነኛው ፈረንሳዊ ተጫዋች የፊሊዶር መምህር የነበረ ሰው ነው። ቅርጹ እንዲህ ነው፦ ኢ4፣ ኢ5። ፈረስ ኤፍ3፣ ወታደር ዲ6። ቢሾፕ ሲ4፣ ቢሾፕ ጂ4። ፈረስ ሲ3፣ ወታደር ጂ6። የኤፍ3 ፈረስ የታሰረ ይመስላል፤ ከተነሣ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች። ነጭ ግን ፈረሱን አንሥቶ የኢ5ን ወታደር ይበላል። ጥቁር ንግሥቲቱን ዲ1 ላይ ከበላ፣ ቢሾፕ ኤፍ7 ቼክ፣ ንጉሥ ኢ7፣ ፈረስ ዲ5፣ ቼክሜት። ደሴም ኮምቦልቻም ይህን የማያውቅ ተጫዋች ጥቂት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጥቁር በጂ6 ፈንታ ፈረሱን ሲ6 አውጥቶ ከሆነ ነው። ሰሌዳው ያው ይመስላል። ነጭ ኢ5ን ሲበላ ግን ጥቁር ንግሥቲቱን አይነካም፤ በሲ6 ፈረስ ኢ5 ላይ ይበላል። ያ ፈረስ አሁን ጂ4 ያለውን ቢሾፕ ይጠብቃል፣ ሲ4 ያለውንም ቢሾፕ ያስፈራራል። ነጭ ፈረስ ሰጥቶ አንድ ወታደር አገኘ፣ ጨዋታውም ተበላሸ። ዙሪያውን የቆመው "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይላል፣ እውነቱን ነው። አሁን ደግሞ ይህንኑ ቦታ መልሳችሁ ነጩ መጀመሪያ ኤች3 ይግፋ፣ ቢሾፑም ወደ ኤች5 ያፈግፍግ። ያው ፈረስ ኢ5 ላይ ቢበላ ትክክል ይሆናል! የሲ6 ፈረስ ኢ5 ላይ መልሶ ቢበላ፣ ከዚያ ሆኖ ኤች5ን አይጠብቅም፤ ንግሥት ቢሾፑን ኤች5 ላይ ትበላለች፤ ፈረሱ ሲ4 ያለውን ቢሾፕ ቢበላ ንግሥት ቢ5 ቼክ ብላ ፈረሱን ትለቅማለች። ሲቆጠር ነጭ አንድ ወታደር ተርፎታል። አንዲት የጠርዝ ወታደር አንድ ቤት መራመዷ ስሕተቱን ወደ ጥሩ ጨዋታ ለወጠችው። አንድ ኮምቢኔሽን ውብ ነው ከማለታችን በፊት "የተሠዋው ባይበላስ?" ብሎ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ለማት የሚሠራው ብቻ ሳይሆን፣ ተቃራኒው እምቢ ሲልም የሚሠራ መሆን አለበት።

የአሸናነፍ ጥራት ቁም ነገር መሆኑ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአገራችን የቀድሞው ሰንጠረዥ ጨዋታ ንግሥት የለችም፤ በቦታዋ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፣ ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ጨዋታው ሲጀመር የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ፣ ያም ወረራ ይባላል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ማቱ ደረጃ የነበረው መሆኑ ነው። በጠንካሮቹ በደር (በሩክ) ወይም በፈረስ የተገደለ ንጉሥ ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ፣ በፊል ወይም በመደቅ (በወታደር)፣ የገደለ ነው የሚወደሰው። የዛሬው ቼስ ለውበት ነጥብ አይሰጥም፣ ማንኛውም ድል አንድ ነው። ነጥቡን የሚሰጠው ዙሪያውን የቆመው ሰው ነው፣ ለዚህም ነው የተመልካቹ ዐይን መሠልጠን ያለበት።

ወደ መጻፉ እንመለስ። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ከሰሌዳው ሥር ይቀመጥ። በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን በማርከር ጻፉባቸው፤ ከዚያ በፊት ግን ሰሌዳው በትክክል መቀመጡን እዩ። በእያንዳንዱ ተጫዋች ቀኝ እጅ በኩል ያለው የጥግ ቤት ነጭ መሆን አለበት፣ ነጭ ንግሥትም ነጭ ቤት ላይ ትቆማለች። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ሰሌዳው ሩብ ዙር ተዛውሮ ከተቀመጠ ንጉሥና ንግሥት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የተጻፈውም ሁሉ ቤት ሲወስዱት አልገጥም ይላል። በጨዋታው መሀል መጻፍ ለተጫዋቾቹ የሚከብድ ከሆነ ከተመልካቹ አንዱ ይጻፍ። እሱም ከሌለ የተበሉትን ጠጠሮች እንዳይከመሩ፣ በተበሉበት ቅደም ተከተል ከሰሌዳው ጎን ደርድሯቸው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የመጨረሻውን አቀማመጥ በስልክ አንሡና ወደ ኋላ ሂዱ፤ የተሰለፉት ጠጠሮች የትኛው መብላት መቼ እንደመጣ ያስታውሷችኋል። ሁለቱ ተጫዋቾች አብረው ሆነው ወዲያውኑ ከሠሩት ሃያ እርምጃ መልሶ ማግኘት አይከብድም። እስከ ማግስቱ ከቆየ ግን የመክፈቻው ቅደም ተከተል ይጠፋል።

ኮምፒውተሩን የመጨረሻ አድርጉት። መጀመሪያ ስቶክፊሽን ከከፈታችሁ ቁጥር ታያላችሁ፣ ምክንያቱን አታዩም። በመጀመሪያ ሰሌዳውን ንግሥቲቱ ከመሰጠቷ አንድ እርምጃ በፊት ወደነበረበት መልሱት፤ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ አንድ ወደ ኋላ፣ ተከላካዩ ወደወሰነበት ቦታ። በላስከርና በቶማስ ጨዋታ ይህ 10ኛው እርምጃ ነው፣ ንግሥቲቱ ወደ ኢ7 ያልገባችበት። የኤፍ6 ቢሾፕ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስ መጀመሪያ ቢበላስ? ያን ጊዜ የኢ4 ፈረስ ኤፍ6 ላይ ቼክ ቢል በጂ7 ወታደር መብላት ሞት ነው፣ ንግሥት ኤች7 ላይ ትጨርሰዋለች። በሩኩ ከተበላ ግን ኤፍ8 ለንጉሡ ይከፈታል፣ ያ ሁሉ ስምንት ቼክም የለም። ይህን ቦታ ላሸነፉት ጋሼ አታሳዩ። ለተሸናፊው ስጡትና ጠጠሮቹን እሱ ያንቀሳቅስ። "አብሽር፣ እስቲ ከዚህ አንተ ምን ታደርግ ነበር?" በሉት። በረካው እስኪቀዳ ጊዜ አለ።